ከጫፉ 150 ሜትር ሲቀረን

(በኤን ጋኒም፣ በማኅበራችን የክረምት ምሽት ላይ ከተደረገ ንግግር የተገለበጠ)



ከመጀመሬ በፊት አንድ ይቅርታ ልጠይቅ። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው፤ ከእናቴ ወጥ ቤት የተማርኩት። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ስለ ስኪ ተወርቶ አያውቅም። ስለዚህ ቃል ሲጠፋኝ ወይ በዕብራይስጥ እላለሁ ወይ በእጄ አሳያለሁ። አንቺ ለመጽሔቱ የምትጽፊው እህቴ፣ የእጁን ነገር እንደምንም አድርገሽ ጻፊው።

እስቲ ከቃሉ ልነሳ። በዕብራይስጥ ሼሌግ አንድ ነገር ነው፣ ባራድ ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ ግን እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም ሁሉም በረዶ ነው። እናቴ የወገራ ሰው ናት። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ጋር ሄርሞን ደርሼ ስመለስ «እማዬ፣ በረዶ አየሁ! ምድሩ ሁሉ በረዶ ነው!» ብዬ እየጮህኩ ገባሁ። እሷ ደንግጣ «ውይ! እህላቸውን ጨረሰባቸው?» አለችኝ። ለእሷ በረዶ ማለት ገብስ የሚያወድመው ነው። ሌሊት ወርዶ ጧት ሣሩን አንጥቶ የሚገኘውን አመዳይ ትለዋለች። ያን ቀን ሄርሞን ላይ ሰው ገንዘብ ከፍሎ በላስቲክ ቁጭ ብሎ በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተት ሳስረዳት፣ አመነችኝ ብዬ አልምልም።

ግን በረዶ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ በድንጋይ ዙፋን ላይ ያስጻፈው ጽሑፍ አለ። ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ አስቀምጦታል። ንጉሡ ድል ያደረጋቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር ስሜንን ይጠቅሳል፤ የማይደረስባቸው ተራሮች እንደሆኑ፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ ይናገራል። ስሜን እንግዲህ አባቶቻችን ለብዙ ዘመን አምባ ይዘው የኖሩበት አገር ነው። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ነው፣ የሄርሞን ጫፍ 2,814። ጓደኞቼ «ኢትዮጵያዊና በረዶ ምን አገናኛቸው?» እያሉ ሲስቁብኝ ይህን ቁጥር ነው የምመልስላቸው።

ሌላም መልስ አለኝ። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው፤ ስኪ የተማረው እዚያ ነው። በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ብቻውን ገባ፣ 15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳደረ። አዲስ አበባ ላይ በረዶ ስለሌለ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ሜዳሊያ አላገኘም፣ ወደ መጨረሻ አካባቢ ነው የገባው። ለእኔ ግን ያ ጎማ ይበቃኛል።

እሺ፣ ወደ ራሴ ልምጣ። ከሠራዊት እንደወጣሁ አንድ ክረምት ሙሉ በአልፕስ ተራሮች ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጠብኩ። ጧት ሳህን፣ ከሰዓት ስኪ፣ ማታ ሳህን። እዚያ ነው ሰዎች በኬብል ሳይሆን በእግራቸው፣ ስኪውን እንደተጫሙ ተራራ ሲወጡ ያየሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። ስኪው ሥር «ቆዳ» የሚሉት ጨርቅ ይለጠፋል፤ ድሮ ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠራ ስለነበር ስሙ ቀርቷል። ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ነው። ድመትን ከራሷ ወደ ጅራቷ ስትደባብሷት እጃችሁ ይሄዳል፣ ከጅራቷ ወደ ራሷ ስትሉ ግን እንቢ ይላል አይደል? ልክ እንደሱ። ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ሲል በረዶውን ይነክሳል። ተረከዝህ ከስኪው ተላቆ ትራመዳለህ። ከላይ ስትደርስ ቆዳውን ልጠህ ቦርሳ ውስጥ ትከታለህ፣ ተረከዝህን ትቆልፋለህ፣ ከዚያ ቁልቁል ነው። ደህና የሰለጠነ ሰው በሰዓት 300 ወይም 400 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ሦስት ሰዓት ታልባለህ፣ ሩብ ሰዓት ትወርዳለህ። «ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው?» ያለኝ አባቴ ብቻ አይደለም።

ይህን በእኛ በሄርሞን ማድረግ አይቻልም። እኛ የምንወጣበት ኬብል 2,040 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ወታደር ነው፣ ከመንገድ ውጪ ደግሞ የፈንጂ አጥር አለ። ስለዚህ ገንዘብ አጠራቅመን ጆርጂያ ሄድን። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ በየካቲት።

አራት ነበርን። አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል። አንዷ ነርስነት የምትማር እህታችን ናት። አንዱ የሠራዊት ጓደኛዬ ነው፣ በሰሜን ካለ ኪቡትስ፣ ቃል የማያባክን ሰው። አራተኛው እኔ።

ከትብሊሲ ወደ ሰሜን በድሮው የጦር መንገድ ጉዳውሪ የሚባል የስኪ መንደር ይደረሳል። ከዚያ አለፍ ብሎ መንገዱ በመስቀል ማለፊያ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ተራራውን ይሻገራል። እኛ ልንወጣ የፈለግነው ከዚያ በላይ ያለውን ቢዳራ የሚባለውን ተራራ ነው፤ ጫፉ ከ3,100 ሜትር በላይ ነው። ከመንገዱ ሲታይ ዋህ ይመስላል፣ የተኛ ላም።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ልናዘዝ። የአገሩን መሪ አልቀጠርንም። ዋጋው ለአራት ሲካፈል የሚከብድ አልነበረም። እኔ ነኝ «አንድ ክረምት ሙሉ አልፕስ ላይ ነበርኩ» ብዬ ያስተውኩት። ሳህን ሳጥብ እንደነበር ማንም አላስታወሰኝም።

ከመሄዳችን በፊት ሦስት ቀን በረዶ ጥሎ ነበር፤ ነፋስ የቀላቀለ። የበረዶ ናዳ እንዴት እንደሚነሣ ላስረዳችሁ፤ ወላጆችም ስሙኝ፣ ልጃችሁ አንድ ቀን «ስኪ ልሄድ ነው» ሲላችሁ ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ። በረዶ በአንድ ጊዜ አይወርድም፣ በላይ በላዩ ነው የሚደረበው። አንዳንዱ ድርብ ይያያዛል፣ አንዳንዱ እንደ አሸዋ ሳይያያዝ ይቀራል። አሁን አንድ ሰሌዳ ዘንበል አድርጋችሁ ተልባ በትኑበት። ተልባው ላይ ሰሌን አንጥፉ። ሰሌኑ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንድ ቦታ ላይ በጣት ጫን ብትሉት ግን ሙሉ ሰሌኑ ባንዴ ይሄዳል። ናዳ ማለት ይህ ነው። ነፋሱ ሰሌኑን ያነጥፋል፣ ተልባው ከሥር ተቀብሯል፣ ጣቱ የአንተ እግር ነው። በናዳ ከሚያልቁት ስኪ ነጂዎች አብዛኞቹን የገደላቸውን ናዳ ያስነሡት ራሳቸው ወይም አብረዋቸው ያሉ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ዳገቱ ነው። ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ በረዶው ብዙ ጊዜ አይንቀሳቀስም። ከ30 እስከ 45 ያለው ነው ክፉው፤ ለስኪ የሚጥመውም እሱ መሆኑ ነው መከራው። ሦስተኛው ሰዓት ነው። ናዳ የቀበረውን ሰው በመጀመሪያዎቹ 10፣ 15 ደቂቃዎች ካወጣችሁት አብዛኛው ጊዜ በሕይወት ይገኛል። ከዚያ በኋላ ተስፋው እንደ ገደል ነው የሚወርደው። ሄሊኮፕተር በ15 ደቂቃ አይደርስም። የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ይይዛል፦ ደረቱ ላይ ምልክት የምታስተላልፍና የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮ፣ ቦርሳው ውስጥ የሚታጠፍ አካፋ፣ በረዶውን የሚወጋበት ረጅም ቀጭን ዘንግ። ሬዲዮዋን አምጥቻለሁ፣ ኋላ ታዩዋታላችሁ።

በዋዜማው ማታ የተከራየነው ቤት ወጥ ቤት ተቀምጠን ምስር እየበላን አንድ ሕግ አወጣን። ከአራታችን አንዱ «እንመለስ» ካለ እንመለሳለን። ምክንያት አይጠየቅም፣ ድምፅ አይሰጥም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ።

ጧት ሳይነጋ ተነሣን። ብርዱ አፍንጫ ውስጥ ያለውን ፀጉር ያደርቃል። በባትሪ መብራት አንድ ሰው ፊት፣ ሌሎቹ በዱካው፤ የሚሰማው የቆዳው «ሽው… ሽው…» ብቻ ነው። ሲነጋ የካውካሰስ ተራሮች በሰሜን በኩል ቀይ ሆነው ብቅ አሉ። የሰፈራችን ልጅ ቆሞ «ይህን አባቴ ቢያየው» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም የምትሉ ሁሉ ተሳስታችኋል። በረዶ ፀሐዩን ከታች መልሶ ይተፋዋል። አገጬ ሥርና አፍንጫዬ ቀዳዳ ውስጥ ሳይቀር ተቃጥያለሁ። ቅባት ተቀቡ። መነጽርም አታውልቁ፣ ዓይን ይመታል።

ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በፈረንጁ ዘጠኝ ሰዓት ማለቴ ነው፣ የመጨረሻው ዳገት ሥር ደረስን። ጫፉ ይታያል። ሰዓቴ ላይ የቀረን 150 ሜትር ነው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ዳገቱን በስልክ ለካሁት፦ 34 ዲግሪ። ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ከጀርባው እየጠረገ ወደዚህ ጎን ያመጣው በረዶ የተቆለለበት ጎን ነው። ይህን ሁሉ አየሁ። አይቼም መሄድ ጀመርኩ።

አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ከእግራችን ሥር ድምፅ መጣ። «ዉምፍ!» በቃል ለመግለጽ ይቸግራል። ከባድ የጤፍ ጆንያ ከትከሻ ተወርውሮ መሬት ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት፣ ግን ከሩቅ፣ ከመሬት ውስጥ። በረዶው በአንድ ጣት ውፍረት ያህል ዝቅ አለ። ከስኪዬ ጫፍ ቀጭን ስንጥቅ ወደ ግራ ሮጠ። ከዚያ ዝም አለ።

ነርሷ ከኋላ ነበረች። ድምፅዋን ሳታነሣ «እኔ እንመለስ እላለሁ» አለች።

እኔም ምን አልኩ? «ለምን?»

ሕጉን ያወጣሁት እኔ! ማታ ምስር እየበላሁ! እሷ አየችኝና «ሕጉ ለምን ይላል?» አለች። እኔ ደግሞ ሰዓቴን እያሳየሁ «ግማሽ ሰዓት እኮ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ፤ አንድ በአንድ ብንሄድ…» እያልኩ እከራከራለሁ። ስንጥቁ ከእግሬ ፊት አለ። አሁን ሳስበው ያፍረኛል። ግን እዚያ ቆማችሁ፣ ፀሐዩ ወጥቶ፣ ጫፉ እዚያ ሆኖ፣ ፎቶውን ለማን እንደምትልኩ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ጭንቅላት ሌላ ነገር ነው የሚሠራው።

የሰፈራችን ልጅ ባሰ። እሱ ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት የሌሊት ጥበቃ ሠርቷል። «እናንተ ውረዱ፣ እኔ ብቻዬን እወጣለሁ» አለና ሁለት እርምጃ ሄደ። ነርሷ ያን ጊዜ ነው በአማርኛ የተናገረችው፤ እስከዚያ በዕብራይስጥ ነበርን። «ወንድሜ፣ ብትቀበር እኔ ነኝ ልቆፍርህ የምመጣው። እኔ ስመጣ ሁለተኛው ቢወርድብኝ እኔን ማን ይቆፍረኛል?»

መልስ አልሰጠም። አልተመለሰምም። እንደ ሐውልት ቆመ።

ያን ጊዜ ከኋላችን «ጭርርር» የሚል ድምፅ ሰማን። የኪቡትሱ ልጅ ነው። ቃል ሳይተነፍስ፣ አጎንብሶ፣ ቆዳውን ከስኪው ሥር እየላጠ ነው። ቆዳውን የላጠ ሰው ሽቅብ መሄድ አይችልም፤ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና የሄርሞን ኬብል የሚጠብቅ ሰው መስሎ ቆመ። ክርክሩን የዘጋው ይህ ነው።

በመጣንበት በረጋው ጎን፣ በመካከላችን ርቀት እያደረግን፣ አንድ በአንድ ወረድን። በረዶው እንደ ዱቄት ነበር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አልነዳሁም። ሌላ ቀን ቢሆን በጩኸት አገር እናናውጥ ነበር። ማንም ድምፅ አላሰማም።

በማግሥቱ ጧት ወደ ማለፊያው ተመለስን፣ ትንሽ ዳገት ላይ ልንለማመድ። ቀና ስንል ያ ዳገት ላይ፣ ልክ እኛ በቆምንበት በኩል፣ አምስት ሰዎች የወጡበትና የወረዱበት መስመር አለ። እስከ ጫፉ። ምንም አልሆኑም። የሰፈራችን ልጅ በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ ለነርሷ ደግሞ ሻይ እንኳ አልቀዳላትም።

ይህን የምነግራችሁ ታሪኩ «ተመለስን፣ ከዚያ ናዳው ወረደ፣ እግዜር አተረፈን» ብሎ ቢያልቅ እንደሚያምር ስለማውቅ ነው። አልወረደም። ልክ ነበርን ወይ ብትሉኝ መልስ የለኝም። በረዶ እንዲህ ያለ አስተማሪ ነው፤ አምስት ሰው አሳልፎ ስድስተኛውን ይወስዳል፣ ያለፉትም ጎበዝ ስለሆኑ ያለፉ ይመስላቸዋል። እኔና የሰፈራችን ልጅ አሁን ታርቀናል፣ ዛሬም ከኋላ ቆሞ እየሰማኝ ነው። ግን ስለዚያ ጫፍ ሲነሣ ፊቱ ይለወጣል። እንዲህ ነው፤ «እንመለስ» ያለ ሰው ልክ መሆኑን የሚያሳይለት ማስረጃ አያገኝም። ነርሷ ይህን እያወቀች ነው የተናገረችው። ከአራታችን ስኪ ላይ ደካማዋ እሷ ነበረች፣ ትንሿም እሷ ነበረች። ለዚህም ነው «ፈርታ ነው» ለማለት የቀለለን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ እናቴም እዚህ ተቀምጣለች።

ለእናቴ «ትብሊሲ ከተማ ልናይ ነው» ብዬ ነበር የሄድኩት። ብነግራት ትከለክለኛለች ብዬ ነው። ከተመለስኩ በኋላ ነርሷ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ያን ቀን ባንመለስ ኖሮ የት እንደሚፈልጉን እቤት የሚያውቅ ሰው ነበር?» የእኔ እናት ከተማ መንገድ ላይ ትፈልገኝ ነበር። የሰፈራችን ልጅ ለአባቱ ኤላት ነኝ ብሎ ነበር። ወጣቶች፣ ፈቃድ ጠይቁ አልላችሁም፣ ዕድሜያችሁ ነው። ግን የተራራውን ስም፣ የምትወጡበትን ጎን፣ የምትመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ጽፋችሁ ስጡ። ወላጆች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ልጁ እውነቱን ሲናገር ቤቱን በጩኸት አትሙሉት፤ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

እንደገባሁ እናቴ ፊቴን አየች። መነጽሩ የነበረበት ቦታ የራሱ መልክ አለው፣ የቀረው እንደ ተጠበሰ ቡና ሆኗል። «ይሄ የከተማ ፀሐይ ነው?» አለችኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ዳገቱን፣ ድምፁን፣ ክርክሩን፣ በማግሥቱ ያየነውን መስመር። አንዴም አላቋረጠችኝም።

እናቴ በ1984 በእግሯ ወደ ሱዳን ስትወጣ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያ መንገድ የቀሩትን እዚህ ላላችሁ ወላጆች እኔ አልነግራችሁም። እሷም ለእኛ ብዙ አትናገርም።

ስጨርስ «ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ?» አለችኝ።

«አራት» አልኳት።

«ስንት ሆናችሁ ገባችሁ?»

«አራት፣ እማዬ።»

ተነሥታ እንጀራውን አቀረበች። ወጡን እየጨለፈች «ያቺን ልጅ ቅዳሜ ምሳ ጥራት» አለችኝ። ጠራኋት። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ልጅ።

ይኸው ነው ያለኝ። በመጋቢት ሄርሞን የምንሄድ አለን፤ በኬብል ነው፣ ወላጆች አትስጉ። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ አለ፣ ጓንት የሌላችሁ ለእኔ ንገሩኝ።

አሁን ደግሞ ይህችን ሬዲዮ እዩዋት። ሁለተኛዋ ምልክት እያስተላለፈች ነው፤ ከንግግሩ በፊት እዚህ ጓሮ ውስጥ ደብቄአታለሁ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ውጡ፣ ካፖርት ልበሱ፣ የአትክልቱን አበባ አትርገጡ። 15 ደቂቃ አላችሁ። ሰዓቱን እኔ ሳልሆን ነርሷ ናት የምትይዘው። ጀምሩ።